የዳማ ሽንትና የብልቱ አፎት፦ ከኮምቦልቻ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ማለዳ ጋጣውን ስጠርግ የፈረሴ የዳማ የኋላ እግሮች በውስጥ በኩል፣ ከጭኑ እስከ ቋንጃው ድረስ ረጥበው፣ ፀጉሩም ተጣብቆ አገኘሁት። ውኃ የተደፋበት መስሎኝ በእጄ ዳስሼ ሳሸተው ሽንት ነው። ሰንጋ ፈረስ ደኅና ሲሆን የኋላ እግሮቹን ከፍቶ ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ጀርባውን ዝቅ ያደርጋል፣ ብልቱንም ከአፎቱ አውጥቶ ይሸናል፤ ስለዚህ ሽንቱ ከእግሩ ርቆ መሬት ላይ ይወርዳል እንጂ ጭኑን አያረጥብም። እግሩ ከረጠበ ወይ ብልቱን ሳያወጣ እዚያው አፎቱ ውስጥ እየሸና ነው፣ ወይም ሽንቱ በማይገባ ጊዜ እየተንጠባጠበ ነው። አፎት የምለው ብልቱ ተሰብስቦ የሚገባበትን ድርብ ቆዳ ነው፤ ከዚህ በኋላም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

ዳማ ከሦስት ዓመት በፊት ከደሴ ሰኞ ገበያ የተገዛ፣ ስገዛውም የተኮላሸ፣ በጥርሱ ሲታይ ዛሬ 12 ዓመት ገደማ የሆነው የጋሪ ፈረስ ነው። በእነዚህ ዓመታት ኮቴውን፣ ጥርሱንና ልጓምና ማሰሪያ የሚፍቀውን ቆዳ ስከታተል ኖሬ ከሆዱ በታች ግን አንድ ቀን እንኳ በባትሪ አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ ያየሁት ነገር ትናንት የጀመረ ይሁን ከወራት በፊት የማውቅበት መንገድ የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ መዝገብ እይዛለሁ።

ከኅዳር 10 እስከ 16

አንድ ባለ መስመር ደብተር በ60 ብር ገዛሁ፤ እርሳሱን በሲባጎ አስሬ ጋጣው በር ላይ ሰቀልኩት። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብልቱን አወጣ ወይስ አላወጣም፣ የሽንቱ አወራረድ፣ የጠጣው ውኃ በባልዲ። ጋሪውን የሚነዳው የእህቴ ልጅ ስለሆነ መንገድ ላይ ያየውን እርሱ እየነገረኝ እጽፋለሁ።

ደኅና ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለ ጊዜ አንዴ ይሸናል። መጠኑ እንደ ክብደቱ፣ እንደሚበላውና እንደሚጠጣው ቢለያይም ለትልቅ ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 15 ሊትር ይደርሳል፤ ዳማ አነስ ያለ የአገራችን ፈረስ ስለሆነ ከዝቅተኛው አካባቢ እጠብቃለሁ። በደብተሩ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ሲውል አንድም ጊዜ አልሸናም። ቤት ገብቶ ከጋሪው እንደተፈታ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ለመሽናት ይቆማል፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተዘርግቶ፣ ቆሞ፣ ጅራቱን አንሥቶ ጥቂት ካፈሰሰ በኋላ ይተዋል፤ ከዚያም ደግሞ ይጀምራል። ከሰባቱ ቀን በአምስቱ ብልቱን ሙሉ በሙሉ አላወጣም። የሚጠጣው ውኃ አልቀነሰም፣ አልጨመረምም፤ ባለ 10 ሊትሩ ባልዲ በቀን ሁለት ተኩል ገደማ ነው።

መንገድ ላይ አለመሽናቱ ሕመም መስሎኝ ነበር። ከእኔ በፊት አርባ ዓመት ጋሪ የነዱ ጎረቤቴ ሐጂ ግን ደብተሩን ሳነብላቸው፣ «አብሽር ልጄ፤ ፈረስ ድንጋይ ላይ አይሸናም። ሽንቱ ተመልሶ እግሩን ሲረጨው አይወድም። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ እያዋልከው የት ይሽና?» አሉኝ። ልጁም አስቦ፣ «እውነታቸውን ነው ጋሼ፤ አፈር መንገድ ይዘን በነበረ ጊዜ እየቆመ ያስቸግረኝ ነበር» አለ። ስለዚህ ነገሩ ሁለት ነው። ስድስት ሰዓት መያዙ ከመንገዱ የመጣ ነው፤ ቤት ገብቶ መቆራረጡና ሳያወጣ መሽናቱ ግን በመንገዱ አይመካኝም።

ኅዳር 17

ከጋጣው በር አጠገብ የተነጠፈ ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቀይ ቡናማ እድፍ አገኘሁ። ደም ነው ብዬ ልቤ ወረደ። ነገር ግን በእድፍ ብቻ ከመደምደም ትኩስ ሽንቱን መያዝ ይሻላል ብዬ፣ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጬ በመጥረጊያ እንጨት ላይ አሰርኩት።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ጀሪካኑን ከሆዱ ሥር ስገፋው ደንግጦ ሽንቱን ያዘ፤ ያን ቀን ማታም ሳየው የማይሸና ሆነ። በማግስቱ ባዶውን ጀሪካን ጋጣው ውስጥ ሰቅዬ እንዲያሸተው፣ እንዲለምደው ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከጋሪ ሲፈታ በጎኑ ቆሜ፣ ተዘርግቶ መሽናት ከጀመረ በኋላ ብቻ ቀስ ብዬ አስገባሁት፤ ተሳካ።

የተያዘው ሽንት እንደ አብሽ ውኃ የደፈረሰ፣ ጣት ሲነካው የሚዝለገለግ፣ ቢጫ ነበር። ለሰው ሽንት እንዲህ መሆኑ የሚያስደነግጥ ነው፤ ለፈረስ ግን ጤናማው ይህ ነው፣ ምክንያቱም የፈረስ ሽንት በተፈጥሮው ብዙ የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ቅንጣትና ንፍጥ መሰል ፈሳሽ አለው። በብርጭቆ አስቀምጬው ሲያድር ታች ነጭ ዝቃጭ ተኛ። ከዚያው ሽንት ጥቂቱን በነጭ ጆንያ ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ ተውኩት፤ ከሰዓት በኋላ ቀይ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ሲወጣ ቢጫ የነበረው አየር ካገኘው በኋላ ነው የጠቆረው። ስለዚህ ደም ወይም የጡንቻ ቀለም አለበት የሚባለው ገና ሲወርድ የቀላ ወይም እንደ ቡና የጠቆረ ሲሆን ነው፤ በተለይ ከከባድ ሥራ በኋላ እንደ ቡና ከጠቆረና ፈረሱ ጀርባው ገትሮ መራመድ ካቃተው ጡንቻው እየተጎዳ ነውና በዚያው ቦታ አቁሞ ሐኪም መጥራት ነው፤ እየነዱ ቤት ማድረስ አይገባም።

ኅዳር 21

ከመድኃኒት ቤት የሰው ሽንት መመርመሪያ ወረቀት በ450 ብር ገዛሁ። ፕሮቲን የሚያሳየው ቀለም ሁለት መደብ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ኩላሊቱ ተጎድቷል ብዬ አንድ ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ ለእንስሳት ሐኪሙ ደውዬ ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ የአሲድነቱ ንባብ (ፒኤች) ስንት እንደሆነ ነው። ከወረቀቱ ከፍተኛው ጫፍ አካባቢ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ነበር። ሣርና ጭድ የሚበላ ፈረስ ሽንቱ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ፣ የፕሮቲኑ ቀለም በዚሁ ምክንያት ብቻ በሐሰት ከፍ ሊል እንደሚችል አስረዳኝ። ደም የሚያሳየው መደብ ምንም አላሳየም፤ ከግዢው የጠቀመኝ ይህ ብቻ ነው። ገንዘቡን መልሼ ባገኘው ለሐኪም መጥሪያ ባዋልኩት ነበር።

ከኅዳር 24 እስከ 27፣ ስሕተቴ

አንድ ሳጥን ጓንት በ520 ብር ገዝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አፎቱን ነካሁ። ልጁ ልጓሙን ይዞ ከፊት ቆመ። እኔ በግራ በኩል ከትከሻው አጠገብ ፊቴን ወደ ጅራቱ አዙሬ፣ ግራ እጄን ጀርባው ላይ አሳርፌ፣ ቀኝ እጄን ከደረቱ ጀምሬ በሆዱ ሥር እያንሸራተትኩ ደረስኩ። ተንበርክኮ ወይም ቁጢጥ ብሎ መሥራት አይገባም፤ ቢራገጥ ማምለጫ የለም። እጄን በድንገት ሳልነቅል፣ ሲያንቀሳቅስ አብሬው እየተንቀሳቀስኩ ነው የቆየሁት።

አፎቱ ውስጥ ግራጫና ጥቁር፣ አንዳንዱ እንደ ደረቀ ሊጥ የሚፈረፈር፣ ሌላው እንደ ቀለጠ ሰም የሚያጣብቅ እድፍ ሞልቷል። ሽታው ከባድ ነው። እንዲህ ያለ እድፍ ጥቂት መኖሩ ተፈጥሯዊ እንደሆነ፣ ከቆዳው ቅባት፣ ከሞተ ቆዳና ከአቧራ እንደሚሠራ፣ ስስ ሽፋኑም ቆዳውን እንደሚጠብቅ ያኔ አላወቅኩም። ቆሻሻ መሰለኝና በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ፣ ለዚያውም በውኃ በደንብ ሳላቀጥን፣ በለስላሳ ብሩሽ አሸሁት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ደገምኩት። ሲነጻ ደስ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አፎቱ ሁለት እጥፍ ሆኖ አብጦ፣ ቆዳው ቀልቶና ሞቆ፣ በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ብሎ የሚቀር ሆነ። ዳማ እጄን ሲያይ የኋላ እግሩን አነሣ። ከዚያ በፊት በእኔ ላይ እግሩን አንሥቶ አያውቅም።

ኅዳር 28

ሐኪሙ መጣ። ከመንካቱ በፊት ደብተሩን ሙሉውን አነበበ፤ ይህን ያህል የተጻፈ ነገር ይዞ የጠበቀው የጋሪ ባለቤት እንደሌለም ነገረኝ። የሰውነቱ ሙቀት 38.1፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 40 ነበር፤ ሁለቱም ከጤናማው ወሰን አልወጡም። ከዚያ ተራ በተራ ጠየቀኝ። ከመኮላሸቱ በፊት ለእርባታ ውሎ እንደሆነ፣ ከአርሲ ወይም ከባሌ ደጋ የመጣ እንደሆነ ጠየቀ፤ በዚያ አካባቢ የሚታወቀው፣ ወንዱ ሴቷን ሲያጠቃ በግንኙነት የሚተላለፈው ዶሪን የተባለ በሽታ ብልትን ስለሚያሳብጥ ነው። እብጠቱ ወደ ሆዱና ወደ ደረቱ ተዘርግቶ እንደሆነ በእጁ ዳሰሰ፤ ያ ቢሆን ከሆድ ትል፣ ከምግብ እጥረት ወይም ከሌላ የውስጥ በሽታ ሊመጣ ስለሚችል አፎቱን ማጠብ ምንም አይጠቅምም። ሲቆም ብቻ አብጦ ሲራመድ የሚጎድል እንደሆነም ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ የነገርኩት ስለ ፀረ ተሕዋስያኑ ነው፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

አልተቆጣም። «በዚያ ቆዳ ላይ የሚኖሩ የማይጎዱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነርሱን ደጋግመህ ስትገድላቸው ቦታውን የሚይዘው መጥፎው ነው። ቆዳውም ተቃጥሏል። ከዛሬ ጀምሮ ሳሙናም አትንካው» አለኝ።

ብልቱን አውጥቶ ለማየት የሚያረጋጋ መርፌ አስፈለገ። የተጠቀመው ዛይላዚን ነው። ኤሲፕሮማዚን የተባለው ማረጋጊያ በወንድ ፈረስ ላይ ብልቱ ወጥቶ እንዲቀር ሊያደርግ ስለሚችል እንደሚጠነቀቅበት ነገረኝ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የዳማ ራስ ዝቅ አለ፣ ከንፈሩ ተንጠለጠለ፣ ብልቱም ቀስ ብሎ ወረደ።

የብልቱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ያዘና በባትሪ አሳየኝ። የሽንት ቱቦው ጫፍ እንደ ትንሽ ከንፈር ወጣ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያው ጎድጓዳ ነገር አለ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ጠለቅ ያለ ኪስ አለ። ኪሱ ውስጥ ፓራፊን ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ትንሿን ጣቱን አስገብቶ እያዞረ ሁለት ድብልብል ነገር አወጣ። አንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል፣ ሌላው አነስ ይላል። መዳፌ ላይ ሲያስቀምጠው ውጪው ግራጫ፣ እንደ ደረቀ ሻማ የጠነከረ፤ በጥፍሬ ስጫነው ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ንብርብር ሆኖ ታየኝ። ያ ሁሉ ንብርብር ስንት ወር እንደፈጀ እያሰብኩ ብዙ ደቂቃ ይዤው ቆምኩ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ያሸሁት አፎቱን ነው፤ ወደዚህ ኪስ አልደረስኩም።

ሐኪሙ በዚህ አላበቃም። እንዲህ ያለ ድብልብል ፈረሱን ቢያስጨንቀውም ብቻውን ሽንት የሚከለክለው ከስንት አንዴ ስለሆነ ሁሉንም ነገር በእርሱ ማመካኘት ትክክል አይደለም ብሎ፣ ረጅም ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል ፊኛውን ዳሰሰ። የፈረስ የፊኛ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የወንዱ ቱቦ ረጅምና ጠባብ ስለሆነም ከሴቷ ይልቅ እርሱን ያስቸግራል፣ ከሥራ በኋላ ደም የሚታይበትም አንዱ ምክንያት ነው። ጠጠር አልተገኘም። የተጠራቀመው ሽንት ግን ብዙ ነበር።

መርፌው እስኪለቀው ድረስ አጠገቡ መቆም ግዴታ ነው። ብልቱ እንደወጣ ከቆየ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ ተመልሶ አይገባም፤ ለሰዓታት ከቀረ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው፣ ሐኪሙ እስኪደርስም በንጹሕ ጨርቅ ከሥር ደግፎ ይዞ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ይገባል። ዝንብ እየከላከልኩ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ፤ በመጨረሻ ተሰብስቦ ገባ። ለሐኪሙ፣ ለመርፌውና ለዘይቱ 1,600 ብር ከፈልኩ።

ታኅሣሥ፣ ሁለት ሳምንት

ሥራ አቆመ። ቀን ቀን ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት በእጄ እየሳብኩ አራመድኩት፤ እብጠቱ ከተራመደ በኋላ ሲጎድል ጠዋት ደግሞ ሲመለስ፣ በየቀኑም ሲቀንስ አየሁ። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ በቀን አንድ ጊዜ ማለቅለቅ፣ ሌላ ምንም። በስድስተኛው ቀን ቆዳው መጨማደድ ጀመረ፤ በአሥረኛው ቀን ብልቱን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በአንድ ጊዜ ሸና። ልጁ ከውጭ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ፤ እኔም እያየሁት ነበር።

በዚሁ ጊዜ የጋጣውን ወለል አፈረስኩ። ወለሉን ሲሚንቶ ያደረግኩት ለጽዳት ብዬ ነበር፤ ፈረሱ ቤቱ ውስጥም ሽንቱን መልሶ የሚረጭ ጠንካራ ወለል ላይ እንዲሸና እንዳስገደድኩት አሁን ገባኝ። የመሽኛውን ግማሽ አስነሥቼ አፈር አስሞልቼ በላዩ ከአናጢ ቤት ያመጣሁትን ሰጋቱራ አለበስኩት፤ አምስት ጆንያ በ200 ብር፣ የሁለት ቀን የጉልበት ሥራ 800 ብር። ሰጋቱራው ያልጠበቅኩትን ጥቅም ሰጠኝ። ጠዋት ስገባ በአንድ ቦታ ሰፋ ያለ ጥቁር ክብ ካየሁ በአንድ ጊዜ ሸንቷል ማለት ነው፤ በየቦታው ትንንሽ ጠብታ ካየሁ ደግሞ ሌሊቱን ተቆራርጦበታል ማለት ነው። ሌሊት ምን እንደሆነ ከወለሉ አነባለሁ።

የፍግ ክምሩንም ከጋጣው ግድግዳ አጠገብ አንሥቼ ወደ ግቢው ጫፍ ወሰድኩት። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ አይደለም፤ ዝንብ በበጋም አይጠፋም። ፍግ ላይ የሚራባው ዝንብ እርጥብ በሆነ ቆዳና ቁስል ላይ የትል እጭ አራግፎ ለብዙ ጊዜ የማይድን ቁስል እንደሚያስከትል ሐኪሙ ነግሮኛል።

ታኅሣሥ 15

ወደ ሥራ ተመለሰ። የመንገዱን ፕሮግራም ቀየርን። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋማ ቦታ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆማል፤ ውኃ ይጠጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ቆሞ ብቻ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ልጁ ጭኑን ሲነካካለት ሳይሆን ዝም ብሎ ራቅ ሲልለት ሸና። አንድ ምልልስ እናጣለን፤ በገንዘብ ሲሰላ በቀን 60 ብር ገደማ ነው። ይህን ኪሳራ አስቤበት ተቀብዬዋለሁ።

ጥር 12

ያለ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አየሁት። ደጋግሜ ሳላስጨንቀው ሆዱን ስላስለመድኩት፣ ከሥራ በኋላ ለብ ያለ ውኃ የተነከረ ጥጥ ሲነካው ብልቱን በከፊል አወጣ። ኪሱ ንጹሕ ነው። አልታጠበም፤ ቀጣዩ እጥበት ከስድስት ወር በኋላ፣ እድፉ ከበዛ ብቻ፣ በለስላሳ ሳሙና ጥቂት ጠብታና ብዙ ማለቅለቂያ ውኃ ነው።

ነገር ግን የብልቱ ቆዳ ጠቆር ብሎ ሳለ በግራ በኩል ሮዝ የሆነ መደብ አለው፤ በዚያ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሻካራ እብጠት አገኘሁ። በጣት ስዳስሳት አልደማችም፣ እርሱም አልተቆጣም። ቀለም ያነሰው ቆዳ በዕድሜ በገፋ ፈረስ ላይ ለቆዳ ካንሰር የተጋለጠ ስለሆነ ነገሩን ቀላል አላደረግሁትም። ከአጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም ይዤ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ለሐኪሙ ላክሁለት። በየሁለት ሳምንቱ በዚሁ ሳንቲም እንድለካት፣ ካደገች ወይም ከቆሰለች ቁራጭ ወስዶ እዚሁ ከተማችን ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንደሚያደርሰው መለሰልኝ።

ጥር 26

ሳንቲሙ አጠገብ ያለው መጠን ካለፈው ፎቶ ጋር ሲተያይ ለውጥ የለውም። በሚቀጥለው የምለካው የካቲት 10 ነው። ደብተሩን ስገልጥ የትናንቱ መስመር በእኔ ሳይሆን በልጁ እጅ ተጽፎ አገኘሁት፦ «4 ሰዓት ከ10። ቦርከና አሸዋው ላይ። ሙሉ አወጣ። ሳይቆራረጥ። እግሩ ደረቅ።»